ከሴባስቶፖል እስከ ዓድዋ፦ የአድሚራል ዊልያም ሂዌት የሕይወት ታሪክ



ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ አጅባር ተመልሼ በነበረ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ቁጭ ብለን ስንጫወት ወሬው ወደ መቅደላ ዞረ። መቅደላ ለእኛ ለሳይንትና ለቦረና ልጆች ሩቅ አገር አይደለችም። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ የነበረው ልጅ ድንገት አንድ ጥያቄ አነሣ። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት፣ በመቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ትልቁ መድፍ ስሙ ሴባስቶፖል ነው፤ ለመሆኑ ሴባስቶፖል የሰው ስም ነው ወይስ የአገር? ብሎ ጠየቀ። የአገር ስም ነው አልሁትና ዝም አልሁ፤ ከዚያ በላይ ብጠየቅ የምመልሰው አልነበረኝምና። ወደ ትምህርቴ ስመለስ ግን ነገሩ እየከነከነኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማገላበጥ ጀመርሁ። ስለ ከተማዪቱ ስፈልግ የአንድ ሰው ታሪክ አገኘሁ። ይህ ሰው በሃያ ዓመቱ በሴባስቶፖል ፊት ለፊት አንድ መድፍ አልለቅም ብሎ ስሙን ያስጠራ፣ ኋላም በሃምሳ ዓመቱ አካባቢ በበቅሎ ተራራ ወጥቶ በዓድዋ ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጋር ውል የተዋዋለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን አድሚራል ዊልያም ሂዌት ነው። በታሪክ ትምህርታችን የሂዌት ውል እየተባለ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። ውሉን እንጂ ሰውየውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሰውየውን ሕይወት ላጫውታችሁ አስቤአለሁ።

ዘመን አቆጣጠሩ እንዳያምታታን፣ በውጭ አገር የሆነውን በአውሮፓውያን፣ በአገራችን የሆነውን በእኛው እጽፋለሁ።

ዊልያም ናታን ራይት ሂዌት የተወለደው ኦገስት 12 ቀን 1834 እ.ኤ.አ. በደቡብ እንግሊዝ በባሕር ዳር በምትገኘው በብራይተን ከተማ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ ያውም የንጉሥ ዊልያም አራተኛ ሐኪም። እንግዲህ የድኻ ልጅ አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን የሚሆነው ልጅ ገና ጢሙ ሳያቀምቅም ወደ መርከብ ይሰጥ ነበርና እሱም በ1847 እ.ኤ.አ.፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አካባቢ ሳለ፣ ወደ ባሕር ገባ። ትምህርቱም ኑሮውም መርከብ ላይ ሆነ። ሸራ መውጣት፣ በከዋክብት መንገድ መለየት፣ መድፍ መተኮስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትእዛዝ መቀበል። ይህን ትእዛዝ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ በሰውየው ሕይወት ደጋግሞ ይመጣል። ልጅ ሳለ በበርማ ጦርነት ተካፍሏል። የታወቀው ግን በክሪሚያ ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ወንድማችን ጥያቄ ደረስን። ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር በክሪሚያ ምድር የምትገኝ የመስኮብ የጦር መርከቦች ወደብ ነበረች። እንግሊዝና ፈረንሣይ ከቱርክ ጋር አብረው መስኮብን ሲወጉ ይህችን ከተማ በ1854 እ.ኤ.አ. ከበቡ፤ ከተማዪቱም አሥራ አንድ ወር ያህል ተከባ ቆይታ በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ተያዘች። በእኛ አገር ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ሴባስቶፖል ገና በከበባ ውስጥ ነበረች። የዚያ ጦርነት ወሬ በአውሮፓውያኑ በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ደርሶ ነበርና፣ ከዓመታት በኋላ በጋፋት ያሉት የውጭ አገር ሠራተኞች ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ያን መድፍ ሲያወጡላቸው ስሙን ሴባስቶፖል አሉት። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሸለቆውን እያስቆፈሩ መንገድ እያሠሩ በሰው ጉልበት ያስጎተቱትም ይኸው መድፍ ነው። አባቶቻችን ያን ሲጎትቱ የዋሉለት ስም ከየት እንደ መጣ ሳስብ እኔን ይገርመኛል።

በዚያ ከበባ መርከበኞችም ከመርከብ ወርደው፣ የመርከብ መድፍ በየብስ ተክለው እንደ እግረኛ ወታደር ይዋጉ ነበር። ሂዌት ቢግል ከተባለች መርከብ የመጣ የሃያ ዓመት ጀማሪ መኮንን ሲሆን፣ በቀኝ ክንፍ ባለው ምሽግ አንድ ትልቅ መድፍ አደራ ተሰጥቶት ነበር። ኦክቶበር 26 ቀን 1854 እ.ኤ.አ. መስኮቦች በብዛት ወጥተው በድንገት አጠቁ። የእንግሊዝ እግረኛ ወደ ኋላ አለ። ጠላት ወደ ምሽጉ በጎን በኩል ሲቀርብ፣ መድፉን የእሳት ቀዳዳውን በምስማር ደፍናችሁ ሽሹ የሚል ቃል ከኋላ መጣ። የምሽግ መድፍ እንደምታውቁት በአንድ በኩል ብቻ እንዲተኩስ በአፈር ግድግዳ የታጠረ ነው፤ በጎን የመጣ ጠላት ያለ ችግር ይይዘዋል። ስለዚህ የመጣው ቃል ሞኝነት አልነበረም። ሂዌት ግን ይህ ቃል ከአለቃዬ ከካፒቴን ሉሽንግተን የመጣ አይደለምና አልቀበልም አለ። መድፉን ሰዎቹን አሰልፎ ወደ ጎን አዞረውና፣ በራሱ ምሽግ ግድግዳ ላይ ተኩሶ ግድግዳውን አፈረሰው። በተከፈተውም ቀዳዳ አልፎ በሚመጣው የመስኮብ ጦር ላይ አከታትሎ ተኮሰበት። መስኮቦቹ ተመለሱ፤ መድፉም ሳይማረክ ቀረ። ከዐሥር ቀን በኋላም በኢንከርማን ጦርነት ላይ እንደገና በጀግንነት ተመሰከረለት። የቪክቶሪያ መስቀል የተባለው ኒሻን በ1856 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ሂዌት ሆነ።

እኔ በዚሁ ዕድሜ ላይ ነኝ። እንዲህ ባለ ሰዓት የመጣልኝን ትእዛዝ ትክክለኛ ነው ወይስ ከሌላ የመጣ ወሬ ነው ብዬ ቆሜ ለማሰብ እችል ነበር ወይ? ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቀውም ብዬ ተውሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ቶሎ ቶሎ ብዬ ልለፋቸው፤ ሹመት እያገኘ ከመርከብ ወደ መርከብ እየተዛወረ በቻይና ባሕር ሳይቀር አገልግሏል። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1864 እ.ኤ.አ. አሜሪካ እርስ በርስዋ ስትዋጋ፣ ባሪያ የሚያሳድሩት የደቡብ ክፍሎች ወደቦች በሰሜኖቹ የጦር መርከቦች ተዘግተው ነበር። በዚህ ጊዜ ሥራ ያልተሰጣቸው አንዳንድ የእንግሊዝ የባሕር መኮንኖች ስማቸውን እየለወጡ በሌሊት በጦር መርከቦቹ መካከል ሾልከው ለደቡቦቹ ዕቃ የሚያደርሱ የነጋዴ መርከቦች አለቆች ይሆኑ ነበር። ትርፉ ብዙ ነው። ሂዌትም በሌላ ስም ኮንዶር የተባለች ፈጣን በእንፋሎት የምትሄድ መርከብ ይዞ በኦክቶበር ወር መጀመሪያ ወደ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ መጣ። ከጠባቂዎቹ ሲሸሽ መርከቢቱ ከአሸዋ ላይ ተቀመጠች። ውስጥዋ የነበረች ሮዝ ግሪንሃው የምትባል የደቡቦቹ ሰላይ ሴት በጀልባ ወደ የብስ አድርሱኝ ብላ ብትሞግት ጀልባው በማዕበሉ ተገለበጠ። ሌሎቹ ሲተርፉ እስዋ ከሰውነትዋ ጋር ይዛው የነበረው ወርቅ ከብዶአት ሰጠመች። ሂዌት ከዚህ ሁሉ በሕይወት ወጣ። ይህን ያነሣሁት ስሙን ለማጉደፍ ብዬ አይደለም። የቪክቶሪያ መስቀል ያንጠለጠለ ሰው ባሪያ አሳዳሪዎችን ለትርፍ ሲያገለግል መዋሉን እያወቅሁ ብደብቀው ለእናንተ ግማሽ ሰው ማቅረቤ ነው ብዬ ነው።

በ1873 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የእንግሊዝ መርከቦች አዛዥ ሆነ። እንግሊዞች የአሻንቲን መንግሥት ሲወጉ መርከበኞቹን ይዞ ዘምቶ፣ በፌብሩዋሪ 1874 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማው ኩማሲ ሲያዝ ከቦታው ነበር። ኩማሲም ከመቅደላ ስድስት ዓመት በኋላ እንደ መቅደላ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። የአሻንቲ ንጉሥ ወርቅ ወደ ለንደን ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኮንጎ ወንዝ አፍ አንዲት መርከብ ዘርፈዋል የተባሉ ሰዎችን መንደሮች አቃጠለ። ለዚህ ሁሉ አገልግሎቱ ሰር ተብሎ ማዕረግ አገኘ፤ በ1878 እ.ኤ.አ. የአድሚራልነት ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1882 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖስ ባሕር ኃይል አዛዥ ተባለ። እንግሊዝ ግብፅን በያዘችበት በዚያው ዓመትም የስዊዝን ከተማና የቦዩን አፍ የያዘው እሱ ነበር። እንግዲህ እንዲህ እያለ ወደ እኛው ባሕር ደረሰ።

አሁን የኛን አገር ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ግብፆች ምጽዋን፣ ከረንንና ቦጎስን ይዘው ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ሁለት ጊዜ ድል ነሥተዋቸዋል፤ በጉራ ከግብፅ ጦር ጋር አያሌ የአሜሪካ መኮንኖች እንደ ነበሩም ይታወቃል። ነገር ግን ድል ነሥተውም ወደቡም ሆነ ቦጎስ አልተመለሰላቸውም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በጦር ሜዳ ያገኙትን በድርድር ለማግኘት ስምንት ዓመት ጠበቁ። በዚህ መካከል በሱዳን መሐዲው ተነሣ። በ1883 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የግብፅ ታላቅ ጦር በሙሉ ጠፋ። በከሰላ፣ በአሚዲብ፣ በሰንሂት፣ በገላባት የነበሩት የግብፅ ወታደሮች በድርቡሽ መካከል እንደ ደሴት ተከበው ቀሩ። መውጫቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በኢትዮጵያ ምድር በኩል ወደ ምጽዋ።

ሂዌት በ1884 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሱዋኪን ነበረ። በፌብሩዋሪ ወር ድርቡሾች የግብፅን ጦር በኤል ተብ ሲደመስሱ፣ መርከበኞቹን አውርዶ ከተማዪቱን ጠበቀ፤ አስተዳዳሪነቱንም ያዘ። የእንግሊዝ ጦር ደርሶ ከድርቡሽ አለቃ ከዑስማን ዲግና ጋር ሲዋጋም አብሮ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራ። የዑስማን ዲግናን ራስ ለሚያመጣ ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ አዋጅ አወጣ። ነገሩ ለንደን ሲሰማ ነውር ነው ተብሎ መንግሥቱ ራሱ አዋጁን ሻረበት። ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ ነው ወደ አፄ ዮሐንስ እንዲሄድ የታዘዘው። አዋጁ በተሻረ በአንድ ወር ውስጥ የንግሥት ቪክቶሪያ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው።

በኤፕሪል 1884 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ተነሣ። ከሱ ጋር የተጓዙትን ሁለት ሰዎች ብቻ ላንሣላችሁ። አንደኛው የግብፅ መንግሥት ተወካይ ሜሰን ቤይ ነው። እሱ ተወልዶ ያደገው በአሜሪካ ሲሆን የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ለደቡቦቹ ተዋግቶ፣ እነሱ ሲሸነፉ ወደ ግብፅ መጥቶ የተቀጠረ ሰው ነበር። አያችሁት? ሂዌት በኮንዶር ዕቃ ሊያደርስላቸው የሞከረላቸው እነዚያው ደቡቦች ናቸው። ሁለተኛው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ይህን ሰው የእኛ አገር ሰው ባሻ ፈለቀ እያለ ያውቀዋል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ኋላም ከጄኔራል ናፒየር ጋር ወደ መቅደላ መጥቶ ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ወደ እንግሊዝ የሄደው እሱ ነው። ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ ከሞተ አምስተኛ ዓመቱ ነበር። ስፒዲ እንደገና የአበሻን ተራራ ሲወጣ ስለዚያ ልጅ ምን አስቦ ይሆን? እኔ ይህን አላነበብሁም፤ ግን ሳላስበው አላለፍሁም።

መልእክተኞቹ በአሥመራ በኩል ሲያልፉ የመረብ ምላሽ ገዥ የነበሩትን ራስ አሉላን አገኙ። ከዚያ ዓድዋ ገብተው ንጉሠ ነገሥቱን ይጠብቁ ጀመር። አፄ ዮሐንስ በደቡብ በኩል በዘመቻ ላይ ስለ ነበሩ አድሚራሉ ሳምንታት ያህል ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መርከብ ባዘዘ ቁጥር የሚንቀሳቀስለት ሰው በዓድዋ ሜዳ ድንኳን ተክሎ እንግዳ ሆኖ መጠበቁ ሳይከብደው አልቀረም። እንግሊዝ ነበረች ፈላጊዋ። በዚህ ጊዜ ያለ ኢትዮጵያ ፈቃድ እነዚያ ወታደሮች ሊወጡ አይችሉም ነበርና።

ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ውሉ በዓድዋ ተፈረመ። ፈራሚዎቹ በንግሥቲቱ ስም ሂዌት፣ በግብፅ ኬዲቭ ስም ሜሰን፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው። በውሉ መሠረት ማናቸውም ዕቃ፣ መሣሪያና ጥይትም ሳይቀር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለ ቀረጥ በምጽዋ በኩል ይገባል ይወጣል። የቦጎስ አገር ለንጉሠ ነገሥቱ ይመለሳል። ግብፆች ከከሰላ፣ ከአሚዲብና ከሰንሂት ሲወጡም ሕንፃውም የተከማቸውም መሣሪያ ለኢትዮጵያ ይሆናል። በፈንታው ንጉሠ ነገሥቱ የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ይረዳሉ። ጠብ ቢነሣ ጉዳዩ ለእንግሊዝ ንግሥት ይቀርባል። በዚያው ቀን የባሪያ ንግድ እንዲከለከል የሚል ሌላ ውልም ተፈርሟል፤ የኮንዶርን አለቃ እያሰባችሁ አንብቡት።

አራተኛው አንቀጽ ግን ለእኛ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በተለይ የሚነገር ነው። የግብፅ ኬዲቭ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ እንዲመጣ ማናቸውንም እርዳታ ለማድረግ ግዴታ ገባ። የጦርና የንግድ ውል ውስጥ የጳጳስ ነገር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ብቻ ነበር። ጳጳስ ከሌለ ቅስና የለም፣ ድቁና የለም፣ ታቦት የሚባርክ የለም። ግብፅ ከኢትዮጵያ ጋር በተጣላች ቁጥር ጳጳሱ የሚመጣበት መንገድ በግብፅ ገዥዎች እጅ ይወድቃል። አፄ ዮሐንስ በ1881 እ.ኤ.አ. አቡነ ጴጥሮስን፣ አቡነ ማቴዎስን፣ አቡነ ሉቃስንና አቡነ ማርቆስን አራቱን በአንድ ጊዜ ያስመጡ ንጉሥ ናቸው፤ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳስባቸው ከዚህ ይታያል። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ለማየት እስከ ጥር 1943 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ ለማየት እስከ ሰኔ 1951 ዓ.ም. ተጠብቋል፤ ሁለቱም አቡነ ባስልዮስ ናቸው።

ውሉ ያልያዘውም ነገር አለ። ምጽዋ ራስዋ ለኢትዮጵያ አልተሰጠችም። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ወደብ ሲሆን ያገኙት በወደቡ የማለፍ መብት ነው። ያን መብት የሚጠብቀውም የእንግሊዝ ቃል ብቻ ነበር።

ሂዌት ተመለሰ። የንጉሠ ነገሥቱ ልዑካንም በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ንግሥቲቱን አይተው መጡ። በመስከረም 1877 ዓ.ም. ራስ አሉላ ከረን ገቡ። እስከዚህ ውሉ ተጠበቀ። ኢትዮጵያም የተዋዋለችውን ፈጸመች፤ የገላባት፣ የአሚዲብና የሰንሂት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል ወጡ። ከሰላን ለማስጣል ራስ አሉላ ሲነሡ ከተማዪቱ ቀድማ ወድቃ ነበር፤ ቢሆንም በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ድርቡሾችን ገጥመው ድል አደረጉ። ብዙ የኢትዮጵያ ሰው ለሌላ መንግሥት ወታደሮች ሲል በዚያ ቆላ ቀረ።

እንግሊዝ ግን በ1884 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወራት ለጣሊያን ምጽዋን ብትይዝ እንደማትቃወም አሳወቀች። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ጥር 1877 ዓ.ም.፣ ካይሚ የተባለ ሌላ አድሚራል የጣሊያንን ወታደር ምጽዋ ላይ አራገፈ። በዓድዋ ከተፈረመ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ጣሊያኖችም ወዲያው መሣሪያ እንዳይገባ አደረጉ፤ ወደ ደጋውም መግፋት ጀመሩ። በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ራስ አሉላ አምስት መቶ ያህሉን ደመሰሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 1887፣ ጄራልድ ፖርታል የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ አሸንጌ ሐይቅ ድረስ መጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከጣሊያን ጋር እንዲታረቁና መሬት እንዲለቁ ጠየቃቸው። አፄ ዮሐንስም ያን የዓድዋውን ውል አነሡበት። ግብፆች የለቀቁትን አገር በእንግሊዝ አማካይነት በአድሚራል ሂዌት ውል ሰጥታችሁኝ፣ አሁን መልሰህ ስጥ ልትሉኝ መጣችሁን? የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጥተው ሸኙት።

በዩኒቨርሲቲ ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ላይ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ ሂዌት አታላይ ነው፣ ሲፈርም ያውቅ ነበር ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የፈረመው በጁን ነው፤ ለንደን ለጣሊያን በሩን የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው። ነገር ግን ነፃ ነው ብዬም አልከራከርለትም። በሃያ ዓመቱ በሴባስቶፖል ምሽግ ውስጥ ይህ ቃል ከእውነተኛው አለቃዬ አልመጣም ብሎ መድፉን ያዞረ ሰው፣ ኋላ ላይ ቃሉን የሻረበት እውነተኛው አለቃው ራሱ ሆነበት። ለዚያ ጊዜ የሚያዞረው መድፍ አልነበረውም። የዓድዋው ውል በስሙ እየተጠራ ሳለ፣ ውሉ በፈረሰ ጊዜ ሥራውን ለቀቀ ወይም በአደባባይ ተሟገተ የሚል በአነበብሁት ሁሉ አላገኘሁም። ይልቁንም በጁላይ 1884 እ.ኤ.አ. ወደ ምክትል አድሚራልነት ከፍ አለ። ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል ባለው ባሕር ላይ የሚጠብቀውን ትልቁን ክፍለ መርከብ ያዘ። ለአንድ የባሕር መኮንን ይህ ታላቅ ክብር ነው። አንድ ጓደኛዬ ታዲያ ምን ያድርግ ነበር? ወታደር አይደለም ወይ? ብሎ ሞገተኝ። ክርክሩን ሳንጨርስ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ።

አፄ ዮሐንስ በውሉ ያተረፉትና የከፈሉት ሲመዛዘን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ድርቡሾች ከኢትዮጵያ ጋር የተጣሉት አስቀድሞም በሃይማኖትና በድንበር ነገር ቢሆንም፣ የግብፅን ወታደሮች ማስወጣት ጠላትነቱን አባባሰው። ግብፆች በሄዱበት ቦታ ኢትዮጵያ ብቻዋን ከመሐዲው ጦር ጋር ተፋጠጠች። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ሕዝቡንም ማርከው ወሰዱ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መተማ ሲዘምቱ ከወሎም የራስ ሚካኤል ጦር አብሮ ወርዶ ነበር። ምናልባት በዚያ ከቀሩት መካከል የእኛ የአያቶቻችን አባቶች ይኖሩ ይሆናል። አፄ ዮሐንስ በዚያ ቆስለው ሞቱ።

ሂዌት ይህን አላየም። በ1888 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ሕመም ጸንቶበት መርከቦቹን ለሌላ አስረክቦ ነበር። በፖርትስመዝ ወደብ አጠገብ በሚገኘው በሃስላር የባሕር ኃይል ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሜይ 13 ቀን 1888 እ.ኤ.አ. በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም እዚያው በፖርትስመዝ ከተማ ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ውሉ በዓድዋ ከተፈረመ ልክ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ትንሹ ወንድማችን ሆይ፣ እንግዲህ ሴባስቶፖል ይቺ ናት። በሚመጣው ክረምት ስመጣ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ መቅደላ አብረን እንወጣለን፤ መድፉንም በእጃችን እንዳስሰዋለን።